ከቦራ የተቀዳ ደም

ያስሚን ደም ልትቀዳ የመጣች ዕለት ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ዓቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እናትና አባቴ ሲጠብቋት አርፍደው፣ ፀሐይዋ ከረር ስትል ሽንኩርቱን ሊያጠጡ ወደ ርብ ወንዝ ዳር ወረዱ። እናቴ ከበር ስትወጣ፣

«ስትመጣ ሸጊትን አሳያት። ደግሞ እንደ ልማድህ ጓዳ ገብተህ እንዳትደበቅ» አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የምደበቅ፣ ስሜን ሲጠይቁኝ መሬት መሬት የማይ ልጅ ነበርኩ።

ሸጊት ላማችን ናት። እንደ ፎገራ ከብት ሁሉ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት፣ ቀንዷ አጭር፣ ሆደ ሰፊ። ከጎኗ ቦራ ትታሰራለች። ቦራ የእኛ አይደለችም፤ የጎረቤታችን የአያ አንለይ ናት። በክረምቱ ርብ ሞልቶ የአያ አንለይን በረት ጠርጎ ስለወሰደው፣ ሌላ እስኪሠሩ ድረስ ከእኛ በረት ታድር ነበር። እሷም ጥቁርና ነጭ ናት። ግንባሯ ላይ ካለው ነጭ ምልክት በቀር ለማያውቃቸው ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

ያስሚን የወረታው ባለሱቅ የመሐመድዘይን ልጅ ናት። ከሦስት ቀን በፊት የላስቲክ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር አሥራ፣ መዝገብ ይዛ ግቢያችን ስትገባ እናቴ ወዲያው አወቀቻት።

«አንቺ የመሐመድዘይን ልጅ አይደለሽ? ከባንኮኒው ሥር ስኳር ጆንያ ላይ ተኝተሽ ነው እኮ የማውቅሽ! እንዲህ ደርሰሽ የላም ሐኪም ሆንሽ?»

«ገና ነኝ እትዬ ብርክቲ። ይህን ጥናት ስጨርስ ነው።»

«ከሰው ላም ይሻላል ብለሽ ነው?»

«ሰው የት ጋ እንዳመመው ሲጠየቅ ይዋሻል። ላም አትዋሽም» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ያስሚን ነገሯን ቁም ነገር አደረገችው። በዚህ ሜዳ ብዙ ላሞች ሳይደርሱ ጥጃ ይጥላሉ አለች። ከፊሉ ውሃ ከተኛበት ሣር ከሚያገኙት የጉበት ትል ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን ደማቸው ውስጥ ካለ የውርጃ በሽታ ነው። እሷ ከየቤቱ ከአንዲት ላም ደም ቀድታ ትመረምራለች፤ ውጤቱን በወረቀት ጽፋ ለባለቤቱ ታመጣለች። እስከዚያ ድረስ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ በሽታው ወደ ሰው ይጋባል።

«በተለይ እርስዎ…» አለችና የእናቴን ሆድ አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቀጥሎ ያለችው ለእኔ ጆሮ አልደረሰም። እናቴ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳብ ስታደርግ ብቻ አየሁ።

እናቴ አርግዛ ነበር። ከእኔ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም አልነበረም። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሁለት ጊዜ ወርዳ ተነክራለች፤ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። አሁን ሦስት ወሯ ነው፤ አባቴ ውሃ እንኳ እንድትቀዳ አይፈቅድላትም። ማሰሮ ስታነሣ ካያት ከሩቅ ይጮህባት ነበር፣ እሷም ደስ ብሏት መልሳ ትጮህበታለች። ቤታችን እንደዚያ ጊዜ ጩኸትና ሳቅ ኖሮበት አያውቅም።

«በጾሙስ ግድ የለም፣ ወተት በአፌም አይዞር» አለቻት እናቴ። «ለፋሲካ ትደርሽልኛለሽ? በሸጊት ወተት ነው የምፈታው። ይህ ልጅ የሚያድገው በሷ ወተት ነው።»

«አፍልተው ቢጠጡትስ?»

«የፈላ ወተት ደግሞ ምን ወተት ነው? ሽታው ራሱ በሽታ ነው!»

«እሺ፣ ለፋሲካ እደርሳለሁ» አለች ያስሚን።

በዚያው ቀን ወደ ማታ አያ አንለይ ቦራን ሊያልቡ መጡ። አባቴ በረቱ በር ላይ ቆሞ ስለ ያስሚን ነገራቸው።

«ዲግሪውን የምትይዘው እሷ፣ ደሙን የምትሰጠው ላሜ? አላስመዘገብኩም» አሉ አያ አንለይ፣ ጡቱን ሳይለቁ።

«ጠብታ ነገር እኮ ነው።»

«ጠብታ ይለኛል! ወተት ከየት የሚመጣ መሰለህ አዛናው? ከደም ነው እንጂ ከሰማይ ነው እንዴ? ደሟን የቀዷት ላም ወተቷ ይነጥፋል። ያውም የከበደች ላም! የሆዷም አይበረክት።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ አያ አንለይም እያለቡ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ሳስበው አያ አንለይ እየቀለዱ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ኖረዋል፤ ማንም ከቁም ነገር ቆጥሮላቸው አያውቅም። ቁም ነገር ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሸጊት ከብዳለች፤ እናቴም ከብዳለች፤ ልጁ የሚያድገው በሸጊት ወተት ነው ተብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚህ ነገር ሳስብ ሰነበትኩ።

ያስሚን ገመድ ከሚይዝላት አንድ የወረታ ሰው ጋር መጣች። የበረዶ ሳጥን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። እኔ አልተደበቅሁም። በረቱን ከፈትኩላቸው።

«ጎበዝ። ስምህ ማን ነው?»

«ያየህ» አልኩ፣ ለመሬቱ።

«ያየህ፣ ሸጊት የትኛዋ ናት?»

ጣቴን አነሣሁና ወደ ቦራ ቀሰርኩ።

«ይቺ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ይኸው ነው ያደረግሁት። አንድ ቃል እንኳ አልተነፈስኩም። ሰውዬው ቦራን ከግንዱ ጋር አሰራት፤ ያስሚን አንገቷን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ሥሯን ፈለገችና መርፌውን ከተተች። ጠቆር ያለ ደም ቀጭኗን ብልቃጥ እየሞላ ወጣ። ብልቃጧ ላይ ቁጥር ጻፈች፤ ያንኑ ቁጥር መዝገቧ ላይ ከአባቴ ስም ፊት ለፊት አሰፈረች። ቦራ ጭራዋን ከመወዝወዝ በቀር ግድም አልሰጣት። ሸጊት በወዲያ በኩል ታመሰኳለች። ያስሚን ስትወጣ ከረሜላ ሰጠችኝ። ጾም ነው ብዬ አልበላሁትም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የቦራን ወተት ልሰልል በረት መሄድ ጀመርኩ። አያ አንለይ ሲያልቧት ጎንበስ ጎንበስ እያልኩ አያለሁ። ከቀን ወደ ቀን የቀነሰ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሣሩ ደርቆ ነበር፤ የሸጊትም ቀንሷል። ያንን ሳላይ አለፍኩ።

ያስሚን ቃሏን ጠበቀች። ለፋሲካ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወረቀቱን ይዛ መጣች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን እንደያዘች ያስሚንን አፏን አፏን ታያለች።

«ንጹሕ ናት። በሽታው የለባትም።»

እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። አያ አንለይ ከግቢያቸው ሆነው፣ «ምን ተገኘ? ወለድሽ እንዴ?» ብለው ተጣሩ።

«እንዲያም ሆኖ ማፍላቱ አይከፋም እትዬ ብርክቲ» አለች ያስሚን።

«ወረቀቱ ንጹሕ ካለ ምን ያስፈላኛል? አንቺ ልጅ፣ ተይኝ እንጂ! ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜያለሁ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ራሱ አልቦ፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ አረፋው ሳይጠፋ፣ በአንኮላ ሰጣት። ቁማ ነው የጠጣችው። አንኮላውን ከአፏ ስታወርድ ከላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ አረፋ ቀርቶ አባቴ በአውራ ጣቱ ጠረገላት። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ አያቸዋለሁ። ይህን ወተት ያተረፍኩት እኔ ነኝ እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ግንቦት ሲገባ እናቴን ትኩሳት ጀመራት። ቀን ደህና ትውላለች፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይነሣባታል። ቀሚሷ በላብ ይርሳል፤ ወገቤን፣ ጉልበቴን ትላለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አንድ ነው፣ ወባ። አባቴ ጤና ጣቢያ ሲወስዳት አብሬ ሄድኩ። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት የእናቴን ጣት ወጋችና ጠብታ ደም መስተዋት ላይ ጣለች።

ቀሚሷን ይዤ ጎተትኩ። «እምዬ፣ እንዳትሰጪያቸው!»

«ኧረ ጉድ፣ እሱ ሲፈራልኝ!» ብላ ሴትዮዋን አየችና ሳቀች። «ዝንብ የነከሰኝ ያህል ነው፣ ሆዴ።»

ወባ የለም ተብሎ ተመለስን። ትኩሳቱ ግን አልተወም። እኔ ወባ ኖረ አልኖረ አላሳሰበኝም። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ጠብታ ደም ነበር። ላሚቱን ከመርፌ አስጥዬ እናቴን አስወጋሁ እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

ከሳምንት በኋላ የሽንኩርት ነጋዴው አይሱዙ መጣ። ዝናብ ሳይቀድም ማሳው ሁሉ በአንድ ቀን ይነሣል። መኪናው መንገዱ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። አባቴ የቀጠራቸው ሁለት ሰዎች ቀርተውበታል።

«ብርክቲ፣ ሁለት ዙር ብቻ አግዢኝ። ጥሎን ሊሄድ ነው» አላት።

«አልችልም አልኩህ? ስጠኝ።»

ሁለት ዙር ተባለ፤ አምስትም ስድስትም ዙር ተሸከመች። እኔ የወደቀውን እየለቀምኩ ከኋላዋ እሮጣለሁ። መኪናው ከሄደ በኋላ ቦዩ ዳር ተቀመጠችና እግሯን ውሃው ውስጥ ዘረጋች። ከዚያ፣ «አዛናው» አለች። ጮክ አላለችም። አባቴ ግን የያዘውን ጥሎ ሮጠ።

እኔን አያ አንለይ ቤት ወሰዱኝ። ቀኑን ሙሉ ሴቶች በግቢያችን ሲወጡና ሲገቡ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። አያ አንለይ ያለ ወትሯቸው አንድም ቀልድ አልቀለዱም። «እናትህ አሟታል፤ ደህና ትሆናለች» ብቻ አሉኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባቴ ዶማ ይዞ ከቤታችን ጀርባ፣ ጌሾው ካለበት ጥግ፣ ትንሽ ጉድጓድ ሲቆፍር አየሁት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስገባና አፈሩን በእጁ መለሰው።

ሌላ ጌሾ የተከለ መሰለኝ። ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲመጣ አይቻለሁና። ደረቅ ወር ነው፤ ውሃ ካላገኘ አይጸድቅም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት በጣሳ ውሃ ቀድቼ አጠጣሁት። ከዚያም በሁለተኛው፣ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን አባቴ በጓሮ በኩል ሲመጣ ጣሳውን ይዤ ደረሰብኝ። ቆመ። የሚቆጣኝ መስሎኝ፣

«እስካሁን አልበቀለም» አልኩት።

ጣሳውን ከእጄ ተቀበለኝ፤ የቀረውን ውሃ እሱ ራሱ ቀስ አድርጎ አፈሰሰበት። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ።

ክርስትና ያልተነሣ ሽል ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወንድ ይሁን ሴት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ሸጊት ሰባት ወሯ ላይ ጥጃዋን ጣለች። ዓይን ነው ተባለ። እንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ በባዶ እጇ አወጣችላት። ወጥታ ከበሩ ጥግ ስትታጠብ፣ «ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቀረን» ስትል ሰማኋት። ለሸጊት ነበር የምትናገረው። ሐምሌ ላይ አባቴ ላሚቱን ይፋግ ገበያ ወስዶ ሸጣት። የገዛት ማን እንደነበር፣ ወተቷን ማን እንደጠጣው አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ይህ ያስጨንቀኛል።

ያስሚን በመስከረም እንደገና መጣች። ጥጃ የጣሉትን ላሞች እየዞረች ትመዘግብ ነበር። እናቴ ከፊቷ ሸሸት ብላ ተቀምጣ በአጭር በአጭሩ መለሰችላት። ስለ ራሷ ነግራት ስታበቃ ያስሚን እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ሸጊት ንጹሕ ነበረች እኮ» አለች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው። ቀና ብላ እኔን ፈለገችኝ። «ያየህ፣ ያን ቀን ያሳየኸኝ ሸጊትን ነው አይደል?»

ጥያቄው ለምን እንደመጣ አልገባኝም። የገባኝ ውሸቴ የተደረሰበት መሆኑ ብቻ ነው። እናቴ ታየኛለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በል እሺ» አለችና መዝገቡን ዘጋችው።

ያን ቀን እውነቱን ብናገር ሽሉ አይመለስም። ያስሚን ግን እናቴን ታስመረምራት ነበር። ያ ትኩሳት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል እየሄደ እየመጣ ነው ያሰቃያት። ከዚያም በኋላ አላረገዘችም።

ቤታችን ውስጥ ግን ምክንያቱ የታወቀ ነበር። ሽንኩርቱ ነው። እናቴ መጀመሪያ መጀመሪያ አልተናገረችም። እያደር ግን በትንሹም በትልቁም ይወጣት ጀመር። እንጀራው ሲጎድል፣ ዝናቡ ሲዘገይ፣ ጎረቤት ክርስትና ሲጠራን፣ «ያን ቀን ባታሸክመኝ» ትላለች። አባቴ አይመልስላትም። ሽንኩርት መትከል ተወ፤ ማሳውን ሁሉ ሩዝ አደረገው። መቀመጫው ከእሳቱ ራቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ በሩ ጥግ ሆነ። እኔ መካከላቸው ተቀምጬ እበላለሁ፤ ይህ ሁሉ የሽንኩርቱ ጣጣ መሆኑን ከእናቴ ጋር አምኛለሁ። የተወጋውን ጣቷንም አልረሳሁም። አባቴን በክፉ ዓይን ያየሁበት ጊዜ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ።

ዐምና በጥር ወረታ ላይ ከብት ላለን ገበሬዎች ሥልጠና ተሰጠን። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኙ ስለ ውርጃ በሽታ ሲናገር፣ ባልፈላ ወተትና በእንግዴ ልጅ ወደ ሰው እንደሚጋባ፣ ማታ ማታ የሚነሣ ትኩሳትና ላብ እንደሚያመጣ፣ ብዙ ሰው ወባ ነው ብሎ እንደሚያልፈው ነገረን። «ነፍሰ ጡር ሴት ከያዛት ደግሞ ሊያስወርዳት ይችላል» አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አላውቅም። ጣቴን አይ ነበር።

ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቄ ቀረብኩትና የሆነውን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ነገርኩት። እኔም ያንኑ ወተት መጠጣቴን፣ ምንም እንዳልሆንኩ ግን አልነገርኩትም።

«ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም።»

ለእናቴ ለመናገር አራት ወር ፈጀብኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እምዬ፣ ያስሚንን ታስታውሻታለሽ?»

«የመሐመድዘይንን ልጅ? ምነው፣ አገባች?»

ነገርኳት። ስለ አያ አንለይ ቀልድ፣ ስለ ቦራ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ሥልጠናው ላይ ስለሰማሁት። ስናገር እጇ ከሰፌዱ ላይ አልተነሣም። ጠጠር ታወጣለች፣ ትጥላለች። ስጨርስም ጥቂት ለቀመች።

«እንግዲህ ሽንኩርቱ አይደለም ማለት ነው?»

«ላይሆን ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል ነው ወይስ አይደለም?»

«ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም ነው ያለኝ። እኔ ግን አይደለም እላለሁ።»

«ዝም ብለህ ጣትህን ቀሰርክ?»

«ወተቱ እንዳይነጥፍብሽ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ትመታኛለች ወይም ታቅፈኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንዱንም አላደረገችም።

«አንተስ ልጅ ነበርክ» አለች። «እሱ ግን ትልቅ ሰው አልነበረም እንዴ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለው አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም። ምን ነበረበት አንድ ቀን፣ 'ተይ ብርክቲ' ቢለኝ!»

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችው። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች።

«ወዴት ነው?»

«ልነግረው ነዋ።»

«ልከተልሽ?»

«ተቀመጥ። አንተ ያንተን በሌላ ቀን ትነግረዋለህ።»

ከሩዙ ማሳዎች መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ስትሄድ ከደጃፉ ሆኜ አየኋት። ቤተ ክርስቲያኑና የአባቴ መቃብር ገና ሩቅ ናቸው። እሷ ግን መንገዱ ላይ ሳለች እጇን እያወራጨች መናገር ጀምራ ነበር።